የቅዳሜ እጥበት

አቶ ቨርነር ብሉመር ያን ቅዳሜ ከቤት የወጡት ለደጃፋቸው የበረዶ ማቅለጫ ጨው ሊገዙ እንጂ ሰው ሊሰልሉ አልነበረም። ነገር ግን በከተማችን በሞንሮ አደባባይ ጥግ፣ የቤት እንስሳት በሚሸጡበት ሱቅ በር ላይ፣ ያዲራን አዩዋት። ያዲራ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አዴልን የምታስታምም፣ ማታ ማታ ደግሞ ኮሌጅ ባዮሎጂ የምትማር ወጣት ናት። ከሱቁ ወጣች፤ ግራ ቀኝ አየች፤ በእጇ የያዘችውን የላስቲክ ከረጢት ኮቷን ከፍታ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው፤ ዚፑን እስከ አገጯ ስባ አንገቷን ደፍታ መሄድ ጀመረች።

«አገኘሁሽ!» አሉ አቶ ብሉመር በሆዳቸው።

ምን እንዳገኙ ለመንገር ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ወይዘሮ አዴል በመኸር ወራት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ አንደበታቸው ተሳሰረ፤ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ መዋል ሆነ ሥራቸው። ማዲሰን ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ማርሊስ ለገና ስትመጣ፣ እናቴ የምታየው ነገር ይኑራት ብላ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ገዛችላቸው። ከላይ ጅራተ ሰፊ ጉፒዎች፣ መሐሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ የሚያብለጨልጩ ደቃቃ ኒዮኖች፣ ከታች ጠጠሩን በጢማቸው እየፈተሹ የሚርመሰመሱ ሌሎች፤ በአንድ ቤት ተቻችለው የሚኖሩ፣ ለጀማሪ የሚመከሩ ዓሦች ናቸው። አዴል ወደዷቸው። ጠዋት ጠዋት በግራ እጃቸው ጣት እያመለከቱ ይቆጥሯቸዋል። የጎደለ ካለ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ያን ቀን ማንኪያ አፋቸው አይገባም።

ዓሦቹ ደግሞ ይሞቱ ጀመር። አንዱ ሲሞት ይተካል፤ የተካው ይሞታል። አቶ ብሉመር ዓርብ ዓርብ ጥብስ ዓሣ የሚበሉበት መጠጥ ቤት ያሉ ወዳጆቻቸው «ቨርነር፣ የሞቱትን ለወጥ ቤቱ አምጣቸው እንጂ» እያሉ ቀለዱባቸው። እሳቸው ግን ቀልድ ላይ አልነበሩም፤ ሒሳብ እየሠሩ ነበር። ቅዳሜ በገዛ እጄ አጥባቸዋለሁ። እሑድ ሁሉም ደህና ናቸው። ሰኞ ልጅቱ ትመጣለች። ሰኞ ማታ ወይም ማክሰኞ አንዱ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። እሷ በሌለችበት ቀን የሞተ ዓሣ የለም። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ለምን ትገድላቸዋለች ለሚለውም መልስ አላጡም። አንድ ቀን፣ አዴል ዓይኗን ከዓሦቹ ስለማትነቅል ማጉረሱ አሰልችቷት ይሆናል አሉ። ሌላ ቀን፣ ስልኳን እያየች ምግቡን አብዝታ ትደፋባቸዋለች አሉ። ሲብስባቸው ደግሞ የሰው ቤት ደስታ የሚያስቀናቸው ሰዎች አሉ ወደሚለው ደረሱ። በመጨረሻ ለማርሊስ ስልክ ደውለው «አሰናብታታለሁ» ብለው ቆርጠው ነገሯት። ማርሊስም «አባዬ፣ በዚህ ክረምት ሌላ አስታማሚ ከየት ታመጣለህ? እሷ ከሄደች እማዬ መጦሪያ ቤት መግባቷ ነው። በወሩ መጨረሻ መጥቼ ቦታውን አብረን እናያለን» አለቻቸው። ስልኩን ዘግተው ለረዥም ጊዜ አዴልን አዩ። አዴልን ለመጦሪያ ቤት መስጠት አንድ ሳንባን አውጥቶ መስጠት ያህል ነበር። ገዳይ በቤት ማኖርም አልሆነላቸውም።

ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። አቶ ብሉመር ከጉርምስናቸው ጀምሮ እስከ ጡረታቸው አይብ ፋብሪካ የሠሩ፣ በእኛ አውራጃ የወተት በርሜል እንደሳቸው የሚያጥብ የለም የተባለላቸው ሰው ናቸው። ንጽሕና ለሳቸው ከጸሎት ቀጥሎ ነው፤ አንዳንዴም ይቀድማል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሦቹን ሾርባ ድስት ውስጥ ያስቀምጡና ጠጠሩን ቀቅለው፣ መስታወቱን በበረኪና ፈትገው፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ ነጭ እስኪሆን በበረኪና ጨምቀው፣ በቀጥታ ከቧንቧ የወረደ ውኃ እስከ አፉ ሞልተው ዓሦቹን መልሰው ይገለብጧቸዋል። ከዚያ በኋላ መስታወቱ የሌለ እስኪመስል ያበራል።

«ያዲራ!» ብለው ተጣሩ።

ልጅቱ ደንግጣ ዞረች። «ውይ፣ አቶ ብሉመር! እንደምን ዋሉ? ወይዘሮ አዴልስ?»

«ደህና ናት፤ ጎረቤታችን አብራት ተቀምጣለች። ምን ገዛሽ?»

«ምንም አልገዛሁም።»

«ኮትሽ ውስጥ ያለውስ?»

«አልገዛሁትም፤ እንዲሁ ሰጡኝ።»

«ታዲያ በነጻ የተሰጠ ነገር ምን ያስደብቀዋል?»

«መደበቄ አይደለም፤ እንዳይበርደው ብዬ ነው።»

«እንዳይበርደው! ነፍስ አለው እንዴ?»

ያዲራ ትንሽ አሰበች። «አዎ» አለች፤ «አለው።»

አቶ ብሉመር የፒካፓቸውን በር ከፈቱና «ግቢ» አሏት። ማሞቂያው እየነፈሰ፣ በረዶው መስታወቱ ጠርዝ ላይ እየቀለጠ፣ ሁለቱም ፊት ለፊታቸውን እያዩ ተቀመጡ። ያዲራ ዚፗን ከፍታ ከረጢቱን ጉልበቷ ላይ አኖረችው። በውስጡ ያለው ውኃ የደፈረሰ ቡናማ ነው፤ ውኃው ውስጥ የተጋደመው ነገር ደግሞ ከውኃው የባሰ ነው። የሚያዳልጥ፣ የጠቆረ፣ ዝናብ የመታው አፈር የሚሸት ነገር።

«ይሄ ምንድነው?»

«ስፖንጅ ነው።»

«ስፖንጅነቱንማ አያለሁ። እድፉን ነው የምጠይቅሽ።»

«የሱቁ ገንዳ ማጣሪያ ውስጥ የነበረ ነው። ባለሱቁን ለምኜው ነው።»

«ለምነሽ! ሰው ዳቦ ይለምናል፣ እድፍ ይለምናል እንዴ? ለመሆኑ የት ልታደርጊው ነው?»

ልጅቱ ከረጢቱን በሁለት እጇ ይዛ «እርስዎ ቤት» አለች። «ሰኞ ጠዋት ፖስታ ሊያመጡ ሲወጡ ማጣሪያው ውስጥ ልሸጉጠው ነበር።»

አቶ ብሉመር ደስ አላቸው። አዎ፣ ደስ አላቸው፤ የሚጠረጥር ሰው ጥርጣሬው ሲረጋገጥለት፣ የቤቱ መፍረስ እንኳ ቢሆን፣ ለቅጽበት ደስ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ነው ቁጣው የመጣላቸው።

«እንግዲህ በገዛ አፍሽ አመንሽ። ዓሦቹን የምትፈጂያቸው በዚህ ነው!»

«እኔ? አቶ ብሉመር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዓሦቹን የሚገድሏቸው እርስዎ ነዎት።»

«እኔ! በየሳምንቱ እንደ ሕፃን የማጥባቸው እኔ?»

«አዎ፣ በየሳምንቱ! ነገሩ እሱ ላይ ነው። ይስሙኝ፤ ሰምተው ያባሩኝ። ዓሣ የሚተነፍሰውም የሚጸዳዳውም አንድ ውኃ ውስጥ ነው። ከቆሻሻው አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። መርዙን የሚበሉ ረቂቅ ፍጥረታት ደግሞ አሉ፤ ስፖንጁ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ መርዙን ወደማይጎዳ ነገር ይለውጡታል። በአንድ ቀን አይመጡም፤ ለመራባት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። እርስዎ ቅዳሜ ሲደርስ ጠራርገው በበረኪና ይጨርሷቸዋል። ቧንቧው ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ የተረፈውን። እሑድ ውኃው አዲስ ስለሆነ ዓሦቹ ደህና ይመስላሉ። ሰኞ መርዙ ይጠራቀማል። ማክሰኞ ይሞታሉ። ሰኞና ማክሰኞ ያለሁት እኔ ነኛ! ሬሳው እኔ እጅ ላይ ይወድቃል።»

«ጥሩ ተረት ነው» አሉ አቶ ብሉመር። «የማይታይ መርዝ፤ የማይታይ መርዝ በሊታ። የሚታየው አንቺ ብቻ!»

«ይቀልዱ። ወይዘሮ አዴል ግን ነገ ጠዋትም ይቆጥራሉ።»

«የሚስቴን ስም አታንሺብኝ! እውነት ከሆነ ለምን ፊት ለፊት አልነገርሽኝም? ለምን በሌብነት?»

«ነግሬዎታለሁ፤ ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ሁለተኛ ጊዜ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?»

ያስታውሳሉ። «አላስታውስም» አሉ።

«‹እናንተ ቤት እድፍ ይወደድ ይሆናል፣ እዚህ ቤት አይወደድም› አሉኝ። እናቴ ቀኑን ሙሉ የሰው ላም ስታልብ ውላ ወለሏን ሳታጥብ አትተኛም። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልንገርዎ? መሸጎጥ ቀለለኝ። ልክ ነዎት፣ መሸጎጤ ጥፋት ነው። እሱን እቀበላለሁ።»

አቶ ብሉመር በረዶ ሳይጥል የመስታወቱን መጥረጊያ አስነሡት። ደረቁን መስታወት ሲፍቅ ጊዜ አጠፉት። ይህ እፍረት ነው ብለው ለመቀበል ግን ገና አልተዘጋጁም።

ያዲራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የማላውቀው ስለሆነ ነው። ወተት እንዲሁ ቢያስቀምጡት አይብ ይሆናል?»

«ይበላሻል እንጂ ምን አይብ ይሆናል! እርሾ ካልገባበት?»

«እርሾው በዓይን ይታያል?»

«ሥራው ይታያል።»

«ያ የሚሸተው አይብ፣ እናንተ ፋብሪካ የምትሠሩት፣ ጣውላ ላይ ነው አሉ የሚበስለው። ጣውላውን በምን ታጥቡት ነበር?»

ስለ ጣውላ ሲጠየቁ አቶ ብሉመር ጠቡን ረሱት። እዚህ ላይ የማይናገር አይብ ሠሪ ከእኛ ዘንድ የለም። «በአጓትና በጨው ውኃ! በብሩሽ፣ ቀስ ብሎ! ጣውላ እኮ ዕቃ አይደለም። አይቡ ቆዳ የሚያወጣው ከጣውላው ላይ በሚያገኘው ነው። አንድ ጊዜ አዲስ የተቀጠረ ደንቆሮ ጎበዝ ነኝ ለማለት ጣውላውን ሁሉ በበረኪና አጠበው! አለቃችን ኮፍያውን መሬት ላይ ወርውሮ ረገጠው። ከዚያ በኋላ የገባው አይብ በሙሉ እንደ ሳሙና ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ሽታ የለ፣ ቆዳ የለ። ምን ልንሆን! ማዶ ካለው ፋብሪካ አሮጌ ጣውላ ተለማምነን፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሰን፣ እንዳይበርደው በ—»

አፋቸው እንደተከፈተ ቆሙ።

ያዲራ አልሳቀችም። ብትስቅ ኖሮ ከመኪናው ያወርዷት ነበር፤ እኔም ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር። ከረጢቱን ብቻ ከጉልበቷ ላይ ከፍ አድርጋ ለማሞቂያው አስጠጋችው።

«አይብ አይብ ነው፣ ዓሣ ዓሣ ነው» አሉ አቶ ብሉመር፣ ሞተሩን እያስነሡ። «ቤት እንሄዳለን። ዓይኔ እያየ የምታሳዪኝ ነገር ካለ አሳዪኝ። ከሌለ ከዛሬ ጀምሮ አትመጪም።»

ወይዘሮ አዴል ልጅቱን በቅዳሜ ቀን ሲያዩ የግራ ጉንጫቸው ፈገግ አለ። ጎረቤቲቱ ኮቷን ለብሳ ሄደች። ያዲራ ከቦርሳዋ ትንሽ የብርጭቆ ቱቦና የጠብታ ጠርሙስ አወጣች፤ ከገንዳው ውኃ ቀድታ ልትጀምር ስትል አቶ ብሉመር እጇን ያዙ።

«ጠብታው ያንቺ፣ ቱቦው ያንቺ፣ የምትቀጂው አንቺ። ቀለሙስ የማን ሊሆን ነው?»

«እንግዲያው እርስዎ ያድርጉት። ቢጫ ከሆነ ንጹሕ ነው። ወደ አረንጓዴ ከሄደ አሞኒያ አለ።»

አቶ ብሉመር ቱቦውን ተቀበሉ። መጀመሪያ ከቧንቧ ቀዱ፤ ቢጫ። ከሚጠጡበት ብርጭቆ ቀዱ፤ ቢጫ። ልጅቱን በዓይናቸው ጥግ እየጠበቁ፣ ሳያስጠነቅቁ፣ ከማንቆርቆሪያው ቀዱ፤ አሁንም ቢጫ። ከዚያ የዚያ ሳምንት እጥበቱ ገና ካልደረሰው ገንዳ ቀዱና ጠብታውን አንድ ሁለት እያሉ ጣሉ፤ ቱቦውን ነቀነቁት፤ ጥቂት ቆዩና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። አረንጓዴ። ዝናብ የጠገበ ሣር የመሰለ አረንጓዴ።

ደጋግመው አዩት። ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ኮምጣጣነቱን ሊለካ ወተት ውስጥ ጠብታ ጥሎ፣ ሮዝ ቀለም እስኪመጣ ጠብቆ፣ በዚያ ቀለም የሙሉ ገንዳ ወተት ዕጣ ሲወስን የኖረ ነው። በጠብታ አላምንም ቢል ስንት ሰው የበላውን አይብ ሁሉ በግምት ሠርቻለሁ ማለቱ ነው።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ውኃው መጥፎ ነው። ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ግን አላመንኩም። አንቺንም አላመንኩሽም።»

«እኔን አይመኑኝ፤ ብቻ አይጠቡት።»

«እስከ መቼ?»

«ማርሊስ እስክትመጣ።»

«አንዱ ቢሞትስ?»

«ሊሞት ይችላል። መርዙ አስቀድሞ የጎዳው ሊኖር ይችላል፤ አልዋሽዎትም። እርሾው እስኪይዝ ግን ይታገሱኝ። ከዚያ በኋላ መሞት ከቀጠለ፣ ሳያባርሩኝ እሄዳለሁ።»

ከገንዳው ውኃ ሩቡን ያህል ቀድተው አወጡ። አዲሱን ውኃ በባልዲ አድርገው ክሎሪን የሚያጠፋውን ጠብታ ጨመሩበት፤ የገንዳው ውኃ ያህል ለብ አደረጉት፤ ቀስ ብለው አፈሰሱት። ያዲራ ያን የተረገመ ስፖንጅ ማጣሪያው ውስጥ ስታስገባ ቡናማ ዳመና ገንዳውን ሸፈነው። አቶ ብሉመር ዓይናቸውን ጨፈኑ። አዴል ግን አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ፤ ጢማሞቹ ዓሦች ወደ ዳመናው እየሮጡ ሲገቡ ከጉሮሯቸው የሳቅ ድምፅ ወጣ።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ኒዮን ሞተ።

አዴል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አቶ ብሉመር ምንም ሳይናገሩ ጓዳ ገብተው የበረኪናውን ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። ያዲራ ገንዳው ፊት ቆማ ነበር፤ አልለመነቻቸውም። ቱቦውን ዘረጋችላቸው።

«መጀመሪያ ይለኩት። ከዚያ እንደፈለጉ።»

«መለካት ምን ያደርግልኛል? ሬሳው እዚህ ነው!»

«የአይቡ ገንዳ አንድ ቀን ቢያስቸግርዎ ሳይለኩ ይደፉታል?»

እየተነጫነጩ ጠብታውን ቱቦው ውስጥ ጣሉ። አረንጓዴ ነው፤ ግን የቅዳሜው ሣር አይደለም፤ ቢጫ ማውጣት የጀመረ ሎሚ ነው። አቶ ብሉመር ቱቦውንና በረኪናውን እያፈራረቁ አዩ። ጠርሙሱን ወለሉ ላይ፣ ቅርብ፣ እግራቸው ሥር አስቀመጡት። ጓዳ ግን አልመለሱትም።

ቀጥሎ የመጣው ቅዳሜ በሕይወታቸው ረዥሙ ቅዳሜ ነበር። ጨርቅ ይዘው ገንዳውን ዞሩት። መስታወቱ ላይ ስስ አረንጓዴ ነገር መያዝ ጀምሯል፤ ጣታቸውን አሳከካቸው። ከፊት በኩል ብቻ፣ በንጹሕ ጨርቅ፣ ያለ ሳሙና ያለ በረኪና፣ ለአዴል እንዲታያት ጠረጉት። ሩቡን ውኃ ቀየሩ። ስፖንጁ እንደ ተደፈነ ሲያዩ ያዲራ እንዳሳየቻቸው ከገንዳው በወጣው አሮጌ ውኃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አደረጉት። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ሥር አድርገው ተቀመጡበት። አዴል በግራ ጉንጫቸው እየሳቁባቸው ነበር።

ጥርጣሬያቸው ግን ቶሎ የሚለቅ አልነበረም። ልጅቱ በማትኖርበት ሰዓት ደብቀው ይለካሉ፤ በምትኖርበትም ሰዓት ደብቀው ይለካሉ፤ ሁለቱን ያመዛዝናሉ። አንድ ጠዋት ፖስታ ላመጣ ብለው ወጥተው በጓዳ በር ተመልሰው ገቡ፤ ከመጋረጃው ኋላ ቆመው አደመጡ። አሁን እይዛታለሁ ብለው ነው።

«አንድ» ትላለች ያዲራ።

«አ…ን» ይላል ሌላ ድምፅ።

«ጎበዝ! ያቺ ቀዩዋ ከቅጠሉ ኋላ ተደበቀች፤ አታስመልጧት። ሁለት።»

«ሁ…ለ…»

አቶ ብሉመር መጋረጃውን ጨብጠው ቀሩ። አዴል ከታመሙ ጀምሮ ከአፋቸው የወጣ ቃል አልሰሙም ነበር። ሐኪሙ አዞ አልሆን ያለውን የንግግር ልምምድ፣ ይቺ ልጅ በዓሣ እያሠራቻቸው ኖራለች። ከዚህ በፊት ግን በየሳምንቱ ዓሦቹ እየሞቱ፣ አዴል ፊታቸውን እያዞሩ፣ ትምህርቱ ሰኞ ተጀምሮ ማክሰኞ ይቀበር ነበር። ቀባሪው ማን እንደነበር አሁን ገባቸው። በጓዳው በር ወጥተው፣ ባዶ እጃቸውን፣ በረዶው ላይ ቆመው አለቀሱ።

ጠብታው ቢጫ መሆን ጀመረ፤ ቢጫ ሆኖም ቀረ። የሞተ የለም። አዴል በየጠዋቱ ያው ቁጥር ላይ ይደርሳሉ፤ ማንኪያውም ይገባል።

ማርሊስ በወሩ መጨረሻ የመጣችው ቦርሳዋ ውስጥ የመጦሪያ ቤቱን ሥዕል ይዛ ነው። እናቷን ሳመች፤ ገንዳውን አየች፤ ፊቷን አኮማተረች።

«አባዬ! ይሄ ምን ጉድ ነው? ድንጋዩ አረንጓዴ ሆኗል! ስፖንጁ… ውይ! ታመሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«በል ባልዲና በረኪና ስጠኝ። እማዬ እንዲህ ያለ ነገር አጠገብ ትዋል?» ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ ወጥ ቤቱ፣ ያዲራ ወዳለችበት፣ በአገጯ ጠቆመች። «እሷ ናት አይደል አትጠበው ያለችህ? ስንፍናዋን መሸፈኛ ነው። ሽማግሌ አገኘች አሞኘች። አልጠረጠርክም?»

አቶ ብሉመር ልጃቸውን አዩዋት። የገዛ ድምፃቸውን በሌላ ሰው አፍ ሲሰሙት አስቀያሚ ነበር።

«ጠረጠርኩ እንጂ!» አሉ። «አንቺ ገና ዛሬ መጀመርሽ ነው፤ እኔ ክረምቱን ሙሉ ስጠረጥር ነው የከረምኩት። ገዳይ አልኳት፣ እድፋም አልኳት፣ እናቷን ሰደብኩ። መጋረጃ ኋላ ቆሜ ሰለልኳት። ያገኘሁት ገዳይ እኔ ሆንኩ።»

«አባዬ፣ ምን እያልክ ነው?»

«ተቀመጪና ልንገርሽ። እኔና አንቺ ዓሣ ገዛን፤ ቤት አልሠራንላቸውም። መጀመሪያ ባዶ ገንዳው ከነጠጠሩ፣ ከነማጣሪያው፣ ከነቅጠሉ መቆም ነበረበት፣ ለሳምንታት፣ እርሾው እስኪይዝ። ከዚያ ጥቂት ዓሣ፤ ቆይቶ ደግሞ ጥቂት። አንቺ በአንድ ቀን ከረጢት ሙሉ ገለበጥሽ፣ እኔ በየቅዳሜው ጨረስኳቸው። ይሄ እድፍ የምትዪው፣ ማርሊስ፣ የእኔ ጣውላ ነው! የአንዱን ቆሻሻ ሌላው ይበላዋል፣ ማንም ሳያየው ሌት ተቀን ይሠራል። ከእኛ የሚፈለገው ሩብ ውኃ በሳምንት መቀየር፣ ክሎሪኑን ማጥፋት፣ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ምግብ መጣል፣ ከዚያ እጅ መሰብሰብ ነው። ያጠብኩበት ጊዜ ሁሉ ለሚስቴ የሠራሁላት ይመስለኝ ነበር። አሁን ባጥብ ማጠብ አይደለም፣ ማፍረስ ነው።»

ማርሊስ አልተቀመጠችም። የእናቷ ልጅ ብትሆንም የአባቷ ግትርነት አላት። «እሺ ቢያንስ ያን አስቀያሚ ስፖንጅ ላውጣው» ብላ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ወደ ገንዳው ዘረጋች።

«አት…ን…ኪ!»

ማርሊስ እጇ በአየር ላይ እንዳለ ቀረች። ወይዘሮ አዴል የግራ ጣታቸውን ወደሷ ቀስረው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ በድጋሚ፣ አሁን ሳይሰባበር፣ «አትንኪ» አሉ።

ያዲራ ከወጥ ቤቱ ፎጣ ይዛ ብቅ አለች። ማርሊስ ከወንበሩ አጠገብ ተንበርክካ እናቷን እቅፍ አድርጋ አለቀሰች፤ አዴል በግራ እጃቸው ጭንቅላቷን መታ መታ አደረጓት፣ ዓይናቸውን ግን ከገንዳው ሳይነቅሉ፣ አሁንም ጠባቂ ናቸውና።

አቶ ብሉመር ወደ ያዲራ ዞሩ። ንግግር አሰናድተው ነበር፤ ጠፋባቸው። «በደልኩሽ» አሉ። «ስለ እናትሽ ያልኩትን ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። አንቺ ግን ሂጂ ብልሽ እንኳ አትሂጂብኝ።»

«አላሰብኩም» አለች ያዲራ። «እርስዎም ስለላውን ይተዉልኝ። ጫማዎ ከመጋረጃው ሥር ይታያል።»

እንግዲህ ይህን ታሪክ የምታነቡ ሁሉ፣ ንጹሕነት ማለት የሚያበራ ነገር ብቻ የሚመስላችሁ፣ በዕቃችሁም በሰዎቻችሁም ላይ በረኪና ከማንሣታችሁ በፊት፣ ያ ቤት ያተረፈውን አስቡ። ዓሦቹ መሞት ተዉ፤ ሽማግሌው የቅዳሜ ጉልበታቸውን አተረፉ፤ አዴል ቃል አገኙ፣ ከቃሉም ጋር ምግባቸውን። ልጅቱ ደግሞ በተማረችው ልትጠቅም ስትመጣ፣ ለማስረዳት መሸጎጥ የማያስፈልጋት ቤት አገኘች።

ማርሊስ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣችና መጦሪያ ቤቱ ዘንድ ደወለች። ክፍሉ እንደማያስፈልጋቸው፣ እናቷ እቤታቸው እንደሚቀመጡ ነገረቻቸው። አቶ ብሉመር ቃሉን በጆሯቸው እስኪሰሙ፣ ስልኩም እስኪዘጋ ድረስ፣ አጠገቧ ቆመው አዳመጡ፤ ሰው ማመንን ገና እየተማሩ ነበርና። ከዚያ በኋላ ነው ወንበራቸውን ጎትተው ከአዴል ጎን የተቀመጡት።